ስለ ብስኩት የወጣ እርማት

በየቤተሰቡ አንድ የቃል ባለሥልጣን አይጠፋም። ምግቡ ቀርቦ፣ እጅ ታጥቦ፣ ማንኪያው ወደ አፍ ሊገባ አንድ ጣት ሲቀረው «ለመሆኑ የዚህ ምግብ ስም ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ?» የሚል ሰው ማለቴ ነው። «እናውቃለን» ብትሉት አያምናችሁም። «አናውቅም» ብትሉት ወዮላችሁ። ዝም ብትሉት ደግሞ ዝምታችሁን «እባክህ ንገረን» ብሎ ይተረጉመዋል። እኛ ቤት ይህን ወንበር የያዙት ክቡር አማቼ ናቸው።

አማቼ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ሠርተዋል። አራሚ ማለት መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱን ገጽ አንብቦ ስህተቱን የሚያወጣ ሰው ነው። ጡረታ ወጥተው የሚታረም ወረቀት ሲያጡ ወደ ዓለም ዞሩ። የሱቅ ሰሌዳ ያርማሉ። የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ያርማሉ። የሰርግ ጥሪ ሲደርሳቸው በቀይ እስክሪብቶ አርመው ለባለ ሰርጉ መልሰው ይልኩለታል፤ በዚህ የተነሳ እስከ ዛሬ ያኮረፈን አንድ ሙሽራ አለ። እኔ በጋዜጣ የምጽፋትን ይችን ዓምድ እንኳ አይምሯትም፤ ሰኞ ሰኞ ደም የለበሰች ሆና ትመለስልኛለች። እኔና ባለቤቴ በሌሉበት «ሊቀ ቃላት» እንላቸዋለን። እሳቸው ግን ያውቃሉ፤ ደስም ይላቸዋል።

ምግብ ላይ የሚታረም ፊደል ስለሌለ እዚያ የሚቀርበው ታሪክ ነው። ሰላጣ ሲቀርብ «ሰላጣ ማለት ጨው የገባበት ማለት ነው፤ ጥንት ሮማውያን...» ብለው ይጀምራሉ። ሮማውያን እኛ ቤት ከገቡ ቶሎ አይወጡም። ሻይ ሲቀርብ ቻይና እንሄዳለን። ስኳሩ ደግሞ ከህንድ ተነስቶ፣ ዓረብ አገር አድሮ፣ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ ሻዩ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ስኳር የማሟሟት አቅም አይኖረውም። አንድ ቀን የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ዳቦ በማርማላታ ቢያቀርቡለት፣ ማርማላታ የሚለው ስም ከአንድ የፖርቱጋል ፍሬ መምጣቱን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተምሮ ሄደ። ቧንቧው እስከ ማግስቱ ሲያንጠባጥብ አደረ።

ባለቤቴ ልጃቸው ናትና መድኃኒቱን ታውቃለች። እንግዳ ሲመጣ ገና በር ላይ ትቀበልና በሹክሹክታ «እሱ ሲያወራ አንተ ብላ፣ አይቀየምህም፤ ብቻ አልፎ አልፎ ራስህን ነቅነቅ አድርግ» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ አይቀየሙም። ታሪኩ ሲያልቅ ጣታቸውን ቀስረው «ቃል ያለ አባት አይወለድም!» ይላሉ። ይህ ማለት መብላት ተፈቅዷል ማለት ነው።

የቃላት ሁሉ ቁንጮ ግን ብስኩት ነበረች። ብስኩትን የሚያህል ታሪክ አልነበራቸውም። «ድሮ» ይላሉ፣ «በአንድ የእንጨት መርከብ ላይ ብስኩት የሚባል ጋጋሪ ነበር።» እዚህ ላይ ቀኝ እጃቸው መርከብ ይሆናል። መርከቡ ማዕበል ይመታዋል፣ ዱቄቱ ይረጥባል፣ ካፒቴኑ «ባሕር ውስጥ ጣሉት!» ብሎ ያዛል። ጋጋሪው ግን ሊጡን ስስ አድርጎ ይጋግረዋል፤ መርከበኞቹ እሷን እየቆረጠሙ ከረሃብ ይተርፋሉ፤ በስሙም ይጠሯታል። እኔ ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሳልሰማው አልቀርም። ማዕበሉ ሲደርስ አጠገባቸው ያለውን ብርጭቆ ቀድሜ አነሳለሁ።

ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ስጦታ ገዛሁላቸው። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ያገኘሁት፣ የቃላትን ምንጭ ብቻ የሚዘረዝር፣ ሦስት ትልልቅ ጥራዝ ያለው መዝገበ ቃላት ነው። ክፋቴን አልደብቅም፤ እሳቸው ክፍላቸው ውስጥ ሲያነቡ እኛ ትኩስ ምግብ እንበላለን ብዬ ነው። እሳቸው ግን ስጦታውን እንደተቀበሉ ዓይናቸው በርቶ «በሉ፣ የእኔን ጋጋሪ እስቲ በኅትመት እንየው!» አሉና የመጀመሪያውን ጥራዝ እዚያው ከሻዩና ከብስኩቱ መሀል ገለጡት።

ጣታቸው ገጹን እየዳበሰ ወረደ፤ ቆመ። እንደገና ከላይ ጀምሮ ወረደ፤ አሁንም እዚያው ቆመ። ወደ መጽሐፉ መጀመሪያ ተመልሰው ማን እንዳሳተመውና መቼ እንደታተመ አዩ። ሦስተኛ ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ጥራዙን ዘጉና «ሻያችሁን ጠጡ፣ ይቀዘቅዝባችኋል» አሉን።

በአሥራ አንድ ዓመት የትዳር ዘመኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴ ደነገጠች። «አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?» አለቻቸው። «አላመመኝም» አሉና የያዟትን ብስኩት ወደ ሳህኑ መልሰው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ሲሄዱ ጥራዙን ገልጬ አየሁት። ብስኩት፦ ከላቲን፤ ሁለት ጊዜ የበሰለ። ይኸው ነው። መርከብ የለ፣ ማዕበል የለ፣ ጋጋሪ የለ። ጥንት ዳቦው እንዳይበላሽ ሁለት ጊዜ እሳት ያይ ነበርና ስሟም እሱው ነው።

ሦስት ቀን በሰላም በላን። ሾርባው ትኩስ፣ ሻዩ ትኩስ፣ ስኳሩ በሥርዓት የሚሟሟ። ስመኘው የኖርኩትን አገኘሁ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አልጣመኝም። ሁላችንም ሳህናችን ላይ አቀርቅረን የማንኪያ ድምፅ እየሰማን እንበላለን። ባለቤቴ አንድ ጊዜ የስሙን ታሪክ እንዲጀምሩ ሆን ብላ ቲማቲሙን ወደ አባቷ ገፋ አደረገችው፤ ዝም ብለው በሉት።

በአራተኛው ቀን አንድ የጫማ ካርቶን ይዘው ብቅ አሉ። ውስጡ በመቀስ እኩል እኩል የተቆረጡ ትናንሽ ወረቀቶች ናቸው፤ ሁሉም ላይ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ተጽፏል፦ «የእርማት ማስታወሻ። ስለ ብስኩት ‹የመርከብ ጋጋሪ ስም ነው› የተባለው ‹ሁለት ጊዜ የበሰለ ማለት ነው› ተብሎ ይነበብ። ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«ምንድን ነው ይሄ አባባ?» አልኳቸው።

«በእኛ ሥራ» አሉ፣ «መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ስህተት ከተገኘ ዝም አይባልም። ወረቀት ይታተምና በየመጽሐፉ ውስጥ ይገባል። እኔ ደግሞ ይህን ስህተት በሰው ጆሮ ነው ያሳተምኩት።»

«ለስንት ሰው ነው የሚሰጡት?»

«ለነገርኳቸው ሁሉ። አርባ ሰባት ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

«ኧረ አባባ፣ ሆን ብለው አልተሳሳቱም!»

«አራሚ ሆን ብሎ አይሳሳትም» አሉኝ። «የሚያሳፍረውም ለዚህ ነው። በል ቁልፍህን አንሳ።»

መኪናው የእኔ ስለሆነ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የእርማት ሹፌር ሆንኩ። መጀመሪያ የሄድነው ጥርስ ሐኪማቸው ዘንድ ነው። አፋቸው ውስጥ ያ ሁሉ መሣሪያ እያለ የመርከቡን ታሪክ እንዴት እንደነገሯቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሐኪሙ ወረቀቷን በአክብሮት ተቀብለው የምስክር ወረቀታቸው ጎን ለጠፏት። ደም የቀዳቻቸው ነርስ ዘንድ ሄድን፤ አላስታወሰቻቸውም፣ ግን «ይቅርታዎን ተቀብያለሁ» ብላ ጨበጠቻቸው። ፀጉር አስተካካዩ ጭራሽ «የምን ብስኩት?» አለ። ያልሰማውን ታሪክ ማረም ስለማይቻል መጀመሪያ ታሪኩን እንደገና መንገር ግድ ሆነ። መርከቡ ተነሳ፣ ማዕበሉ መጣ፣ ወረፋ የሚጠብቁ አራት ሰዎች ጋዜጣቸውን ዘጉ። ሲጨርሱ «እንግዲህ ይህ ሁሉ ውሸት ነው» ብለው ወረቀቷን ዘረጉለት። አስተካካዩ አነበባትና «ጋሼ፣ ለእኔ የመጀመሪያው ይሻለኛል» አላቸው። አራት አዲስ ሰው ታሪኩን ስለሰማ አራት አዲስ ወረቀት እዚያው ተጻፈ።

እንዲህ እያልን ካርቶኑ ባዶ ሆነ፤ ማለቴ አንዲት ወረቀት ቀረች። የማን እንደሆነች ስጠይቃቸው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያዩ «የፊደል ለቃሚው ናት» አሉ። እሷን በሌላ ቀን እናደርሳታለን አሉ። በሌላው ቀን ዝናብ አለ አሉ። ከዚያ መንገዱ ይጨናነቃል። ከዚያ ጉልበታቸውን ቆረጠማቸው።

ነገሩን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፣ ወጥ ቤት ሳህን እያጠብን። ድሮ መጽሐፍ በኮምፒውተር ሳይሆን ከእርሳስ ማዕድን በተሠራ ፊደል በሚታተምበት ጊዜ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አንስቶ መስመር የሚያስይዝ ፊደል ለቃሚ የሚባል ሠራተኛ ነበር። እኚህኛው ፊደል ለቃሚና አባቷ ሃያ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሠርተዋል። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርማል፣ አንዱ ሲያርም ሌላው ይሳደባል፤ ማታ አብረው ይወጣሉ። እሷም ልጅ ሆና «አጎቴ» ነበር የምትላቸው።

ፊደል ለቃሚው ጡረታ በወጡ ዕለት ማተሚያ ቤቱ ሻይና ብስኩት አቅርቦ ሸኛቸው። አማቼ እንደተለመደው ተነስተው የመርከቡን ጋጋሪ ተረኩ። ፊደል ለቃሚው በለሆሳስ «ወዳጄ፣ እኔ እንኳ ሁለት ጊዜ የበሰለ ማለት ነው ሲባል ነው የማውቀው። አንድ መጽሐፍ ስለቅም አንብቤዋለሁ» አሉ። አማቼ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «አንተ ፊደል ትለቅማለህ እንጂ መቼ ታነባለህ!» አሏቸው። ሰው ሳቀ። ፊደል ለቃሚው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የራሳቸውን ሽኝት ጥለው ወጡ። ይህ ከሆነ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈው። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዱ የሌላውን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

«ይቅርታ አልጠየቁም እንዴ?» አልኳት።

«ስንቴ ለመንኩት! ‹ይቅርታ የሚጠይቅ የተሳሳተ ነው፤ እኔ አልተሳሳትኩም› ይለኛል» አለችኝ። «አሁን በምን ያመልጣል?»

በሦስተኛው ቅዳሜ ወረቀቷን በአባቷ ኪስ፣ ቁልፉን በእኔ እጅ አስቀምጣ «እሱን ሳታዩ ብትመለሱ እዚህ ቤት ምሳ የለም» ብላ በሩን ዘጋችብን። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም። ልንደርስ ስንል «አላስገባም ቢለኝስ?» አሉኝ።

«እንመለሳለና አባባ።»

«ካስገባኝስ?» አሉ። የፈሩት ይኸኛውን ነበር።

ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በጠባቡ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍን፤ ለጉልበታቸው አንድ ይበቃ ነበር። በሩን የከፈቱልን የፊደል ለቃሚው ባለቤት ናቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ አማቼን ከላይ እስከ ታች አዩና «ከስተሃል» አሏቸው። ትንሽ ቆይተው «ግባ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያቆምሃል?» አሉ።

ፊደል ለቃሚው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው በአጉሊ መነጽር ጋዜጣ ያነባሉ። ተነሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዛሬ ገና እንደተዋወቀ ሰው ተጨባብጠው ተቀመጡ። ስለ አየሩ ተነጋገሩ፤ አየሩ ቶሎ አለቀ። ስለ ጉልበት ተነጋገሩ። እሱም አለቀ። በመጨረሻ ሻይ መጣ፣ ከሻዩ ጋር ብስኩት። በዚህች ዓለም ላይ ሌላ የሚቀርብ ነገር ጠፍቶ ነው? አማቼ ሳህኑን አይተው እጃቸውን ወደ ኮት ኪሳቸው ሰደዱ።

ፊደል ለቃሚው ግን ቀደሟቸው። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ አማቼን ሳያዩ፣ «ብላ ልጄ። ለመሆኑ የዚህ ስም ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?» አሉኝ።

እኔ የሠለጠንኩ አማች ነኝ። «አላውቅም ጋሼ» አልኩ።

«ድሮ» አሉ፣ «በአንድ የእንጨት መርከብ ላይ ብስኩት የሚባል ጋጋሪ ነበር።»

ብርጭቆዬን አነሳሁ። ማዕበሉ መጣ፣ ዱቄቱ ረጠበ። ታሪኩ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ በጣም ፋፍቷል። ካፒቴኑ አንድ ዓይና ሆኗል። ጋጋሪው ሚስት አግብቷል፤ እሷም ወደብ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። መርከቡ ውስጥ አንዲት ድመት ተጨምራለች። ሲጨርሱ «ይህን የነገረኝ ሰው» አሉ፣ አሁንም ወደ አማቼ ሳያዩ፣ «በቃል ጉዳይ ተሳስቶ አያውቅም። ለልጅ ልጆቼም እንዲሁ ነው የነገርኳቸው።»

አማቼን አየኋቸው። ወረቀቷ በግማሽ ከኪሳቸው ወጥታለች። ወዳጃቸው እርቁን በነፃ፣ ያውም ከነጋጋሪው፣ ሳህን ላይ አድርገው አቅርበውላቸዋል። ከእሳቸው የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስህተቱን ሰምቶ ዝም ማለት። በሆዴ «አደራዎን አባባ፣ ዛሬን ብቻ» እላለሁ። ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ያረመ እጅ አልቻለም። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

ፊደል ለቃሚው በአጉሊ መነጽራቸው አነበቧት። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«ስህተት ነው!»

«ምኑ?»

«እርማቱ ነዋ! ጋጋሪው ነበረ!»

«አልነበረም! መዝገበ ቃላት ላይ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«መዝገበ ቃላት አይሳሳትም? ስንቱን መዝገበ ቃላት አንተው ራስህ አላረምክም?»

«አንተ ራስህ ሁለት ጊዜ የበሰለ ነው አላልከኝም ያኔ?»

«ተሳስቼ ነዋ! አሥራ ስምንት ዓመት አሰብኩበት፤ የአንተ ይሻላል!»

«አይሻልም! ልክ የነበርከው አንተ ነህ፣ አንተ ደረቅ!»

«ደረቅስ አንተ!»

ወንበራቸውን እየሳቡ ጉልበታቸው እስኪነካካ ተጠጋግተዋል። የሁለቱም ፊት ቀልቷል። የቤቱ እመቤት ከወጥ ቤት አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ሰላም ነው?» አሉኝ። «ሰላም ነው እማማ፣ በጣም ሰላም ነው» አልኳቸው።

በጭቅጭቁ መሀል አማቼ ድንገት ኮታቸውን ከፈቱ። ከደረት ኪሳቸው ሌላ ወረቀት አወጡ። እኔ የማላውቃት፣ ካርቶኑ ውስጥ ያልነበረች ናት። ለወዳጃቸው ሰጧቸው። ፊደል ለቃሚው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ፦ «በሽኝቱ ዕለት ‹ፊደል ትለቅማለህ እንጂ መቼ ታነባለህ› የተባለው...» እዚህ ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። ቀሪውን አጠገባቸው ስለነበርኩ ነው የሰማሁት። «...‹አንተ ያነበብከውን ግማሹን አላነበብኩም› ተብሎ ይነበብ። ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ወረቀቷን ደግመው በመነጽር አዩዋት። እርሳስ አወጡ። እዚህም ላይ ስህተት ሊያገኙ ነው ብዬ ፈራሁ። በማተሚያ ቤት አንድ ገጽ ተነቦ፣ ታርሞ፣ እንከን ከጠፋለት በኋላ ከግርጌው አንዲት ቃል ትጻፍበታለች። ፊደል ለቃሚው ጎንበስ ብለው ያችን ቃል ጻፏት፦ «ይታተም።» ፈረሙበትና አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ይቺኛዋ ስህተት የለባትም» አሉ።

አማቼ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። እኔም አለቀስኩ፤ አቧራ ነው ምናምን አልልም።

ምሳ ሳንበላ መሄድ የማይታሰብ ሆነ። ለባለቤቴ ስደውል «ገባ?» አለችኝ፤ «ገብተው መውጣት አልቻሉም» አልኳት፤ በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። የቤቱ እመቤት በትልቅ ሳህን እንፋሎቱ የሚወጣ ሩዝ አቀረቡልን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጮኸው ጮኸው ደክሟቸዋል፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማንኪያቸውን አነሱ። ምግቡ ትኩስ ነው፣ ዝምታ ሰፍኗል፣ እኔ ደግሞ ርቦኛል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አፌ ብቻውን ተከፈተ።

«ለመሆኑ» አልኩ፣ «ሩዝ የሚለው ስም ከየት ነው የመጣው?»

ሁለቱም ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሁለቱም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ድሮ...» አሉና ተያዩ።

የቤቱ እመቤት ጭልፋቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ ምን በደልኩህ?»